ዛሬ ምን አገኘሽ?

አማትና ምራት አንድ ግቢ ሲኖሩ የሚፈጠረውን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መብራት ሥር፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው የሚውሉ አማትና ምራት ግን ብዙ ያሉ አይመስለኝም። እነዚህ ሁለቱ እንዲያ ነበር የሚውሉት።

ቦታው የአውሮፕላን ሞተር የሚጠገንበት አዳራሽ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ይታጠብና በሆዱ ውስጥ የሚሽከረከሩት ስለታም የብረት ቅጠሎች፣ ሠራተኛው ብሌድ የሚላቸው፣ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ባዶ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ብሌዱን በረራ ላይ ሊሰብረው ይችላል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ዳር ይዞ ቆሞ መጠገን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ብሌዱን ቢጫና አረንጓዴ በሆነ ቅባታማ ቀለም ይነክሩታል። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ እዚያ ገብቶ ይደበቃል። ላዩን በውሃ ያጥቡትና ያደርቁታል፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። ዱቄቱ የተደበቀውን ቀለም ስቦ ያወጣዋል። ጨለማ ክፍል ገብቶ ሐምራዊው መብራት ሲያርፍበት ጤነኛው ብሌድ ጨልሞ ይቀራል፤ የተሰነጠቀው ግን ስንጥቁ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

የዚያች ክፍል እመቤት ድመት የሚሏት አማቲቱ ነበረች። ስሙን ያወጡላት የእጥበት ሠራተኞቹ ናቸው፣ በጨለማ ስለምታይ። ከጀርባዋ ብቻ የሚጠሯት ይመስላቸዋል እንጂ እሷ ከሰማችው ቆይታለች፤ ደስም ይላታል። በክፍሏ ሕግ ቀልድ አታውቅም። የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ሳያንኳኳ መጋረጃ የገለጠ፣ ወዮለት። መነጽር ያደረገ ይግባ፣ ችግር የለም። ፀሐይ ሲነካው የሚጠቁረውን ዓይነት መነጽር ያደረገ ግን ከበር ይመለሳል፤ ሐምራዊው መብራት ያንን መነጽር ልክ እንደ ፀሐይ ያጠቁረዋል፣ ባለቤቱም ጨለማ ውስጥ ስለሆነ መጥቆሩን አያውቅም። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ የተከበረ ተቆጣጣሪ እንዲህ ያለውን አድርጎ መጥቶ ከደጅ መልሳዋለች። አለቃው ያን ቀን በላብ ተጠምቆ ነው የዋለው።

ድመት አንድ ልጅ አላት፤ ያሳደገችውም ብቻዋን ነው። የሌላ ሰው ልጅ እናቱ ከሥራ ስትገባ «ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ይላል። የሷ ልጅ በር ላይ ጠብቆ «ዛሬ ምን አገኘሽ?» ነበር የሚላት። እሷም ጫማዋን ሳታወልቅ ትነግረዋለች። «አንዲት አገኘሁ። እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች፣ ብሌዱ ወገብ ላይ ተጋድማ፣ ሰው የማያየኝ ብላ።» ልጁ የራሱን ሽፋሽፍት በጣቱ ዳሶ ቅጥነቱን ይለካና «ያዝሻት?» ይላል። «ያዝኳት» ትለዋለች። ራት የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው።

አድጎም ከእናቱ አልራቀም፤ እዚያው አዳራሽ ሞተር ገጣጣሚ ሆኖ ተቀጠረ። ምሳ ሰዓት ላይ የጨለማው ክፍል በር ጋ ይመጣና እንጨቱን አንኳኩቶ፣ መጋረጃውን ሳይነካ፣ «ዛሬ ምን አገኘሽ?» ይላል። የእጥበት ሠራተኞቹ ይስቁበታል። እሱ ግድ አልነበረውም፤ እናቱ ደግሞ ለዚያች ጥያቄ ስትል ነበር ከጠዋት እስከ ምሳ ብረት የምታገላብጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ አዲሷ መርማሪ መጣች። ድመት ራሷ ናት ያሠለጠነቻት። ብሌድ አያያዝ፣ መብራት አዟዟር፣ ሁሉንም እጇን ይዛ አሳየቻት። ይባስ ብላ ቤት ገብታ ለልጇ «ደህና ዓይን ያላት ልጅ መጣችልኝ» ብላ አፏን ሞልታ አወራች። ልጁም ዓይኗን ሊያይ ሄደ፤ አይቶም አልቀረ፣ አገባት። እንግዲህ በማን ይፈረዳል?

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። «ዛሬ ምን አገኘሽ?» አለ ድምፁ። ድመት ብሌዱን አስቀምጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አፏን ከፈተች።

«ሁለት!» አለች ምራቷ ከጎኗ። «አንዷ ጫፉ ላይ ናት፣ ታሳዝናለች።»

ውጭ ያለው ሳቀ፣ ውስጥ ያለችው ሳቀች። የድመት አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጨለማ ስለሆነ ማንም አላየባትም። ለካ የተጠየቀችው እሷ አልነበረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቱ ነገር ሁሉ ያስጠላት ጀመር። ስትተነፍስ ትሰማታለች። ጓንት ስታወልቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ የምትስበው ነገር ያቃጥላታል። «እማማ» ብላ ስትጠራት ደግሞ ይብሳል፤ እማማ የሚባል ሰው እኮ ምርኩዝ ይዞ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ነው። ምራቲቱ ስንጥቅ ባገኘች ቁጥር ድመት በሆዷ «አሁን ደግሞ ሄዳ ትነግረዋለች» ትላለች። እቤት ብቻዋን ስትቀመጥ፣ እነሱ ከሁለት መንገድ ወዲያ በተከራዩት ቤት ራት ላይ ስለ ብሌድ ሲያወሩ ይታያታል። ሽፋሽፍቱን ዳሶ ይሆን? ይህንን እያሰበች እንቅልፍ እምቢ ይላታል።

አንድ እሑድ ባልና ሚስት ሊጠይቋት መጡ። ከምሳ በኋላ ምራቲቱ ከቦርሳዋ ትንሽ ሣጥን አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበች።

«እማማ፣ እንዳይቆጡኝ። ብሌዱን ራቅ አድርገው ሲይዙ አይቼ ነው። ለቅርብ የሚሆን መነጽር ነው፤ የማይጠቁር እንዲሆን አስረግጬ ተናግሬ ነው ያሠራሁት።»

ድመት ሣጥኑን አየችው እንጂ አልነካችውም። «የኔ ዓይን ምን ሆነ ተባለ?»

«እማዬ፣ ላንቺ አስባ እኮ ነው» አለ ልጇ።

«ለኔ ነው ለወንበሬ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ምራቲቱ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ትታው፣ ሳህኖቹን ሰብስባ ልታጥብ ተነሣች። ድመት እንግዶቿን ከሸኘች በኋላ ሣጥኑን ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ፣ ከማይነጠፉት የጠረጴዛ ልብሶች ሥር ከተተችው።

የሚያናድደው ግን ልጅቱ እውነቷን መሆኑ ነው። የድመት ዓይን ለቅርብ ደክሟል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካቆመች ቆይታለች። ስለዚህ በማግስቱ ማታ፣ ሰው እንዳያያት መሸትሸት ሲል ጠብቃ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሱቅ ገባችና አንዱን መነጽር አንሥታ የሱቁን ደረሰኝ ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችበት። አየላት። ባለሱቁ «ዘመናዊ ነው እናቴ፣ ለየትኛውም ብርሃን የሚሆን» እያለ ሲያወራ ጆሮዋን አልሰጠችውም፤ ልቧ ደጅ ደጁን እያየ ነበር። ኪሷ ከትታው ሄደች። ከዚያ በኋላም ያንን መነጽር ያደረገችው ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው በፊት ከኪሷ አይወጣም፣ ከመውጣቷ በፊት ተመልሶ ይገባል። ለዓመታት ሰው ከበር ስትመልስበት የኖረችው ነገር አፍንጫዋ ላይ ተቀምጦ እሷ አላወቀችም።

እንደዚያም ሆኖ ደስ ብሏት ሰነበተች። የብሌዱ ጫፍና ጠርዝ ወለል ብሎ ይታያታል። ብሌዶቹም ንጹሕ ናቸው፤ ትሪ በትሪ ታሳልፋለች፣ ማኅተሟን ታሳርፋለች። አንዳንዴ መብራቱ የደከመ ይመስላታል። ጠዋት ጠዋት መብራቱን የምትፈትሸው ምራቷ ስለሆነች «ይህንንም በወጉ አትሠራም» ብላ ታልፈዋለች። ልጅቱ በበኩሏ በየቀኑ ስንጥቅ ታገኛለች። ድመት ይህንን ስታይ ሳቋ ይመጣል። ባሏ ፊት ለመታየት ጭረቱንም ክሩንም ስንጥቅ እያለች ነው፣ ብላ ደመደመች። አንድ ቀን ትዋረዳለች፣ እኔም አለሁ አያለሁ፣ አለች። እውነቱን ለመናገር ያንን ቀን በጉጉት ትጠብቀው ነበር።

ቀኑ የመጣ መሰላት። ምራቲቱ የድመትን ያለፉ ብሌዶች ትሪ ገፋ ልታደርግ ስትል መብራቷ ሳታስበው በላዩ ላይ ዞረ። እጇ ባለበት ቆመ። አንዷን ብሌድ አነሣች፣ አገላበጠች።

«እማማ፣ ይህችን እንደገና ያዩልኛል?»

«አይቻታለሁ።»

«መስመር ያለባት መሰለኝ።»

ድመት ተቀብላ ከመብራቱ ሥር ያዘቻት። ጥቁር ናት፣ ንጹሕ ናት። «የለም» አለች።

«እዚህ ጋ፣ ከሥሯ ከፍ ብሎ…»

«የለም አልኩሽ እኮ። ስንጥቅ ያማረሽ እንደሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ይልቅ አለቃው ይጠራና ይይልሽ።»

ልጅቱ «ግዴለም እማማ፣ እኛው…» አለች። ድመት ግን እሺ የምትል አልሆነችም፤ ራሷ ወጥታ ጠራችው። ደረቷን ነፍታ ነው የጠራችው፣ የእጥበት ሠራተኞቹም እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

አለቃው ገባና እንደ ሕጉ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ አለ። ሦስት ሰው ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከባድ ነው። የአለቃው ሆድ ጮኸ፤ የሳቀ የለም። ከዚያ ብሌዷን ተቀብሎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ አለች መሰለኝ።»

ድመት ብሌዷን ከእጁ ነጠቀች ቢባል ይቀላል። በማጽጃ በነከረችው ብሩሽ ቦታውን ጠረገችው፣ ዱቄቱን እንደ አዲስ ነሰነሰችበት። መለያው ይህ ነው፤ ላይ የተቀባ ቆሻሻ ከተጠረገ በኋላ አይመለስም፣ ስንጥቅ ከሆነ ግን የቀረው ቀለም ከውስጥ ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣል። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

«ተመለሰች» አለ አለቃው።

«ተመለሰች» አለች ምራቲቱ፣ በጣም በቀስታ።

ድመት የምታየው ጨለማ ነው። ሁለቱ ተመካክረው ያሾፉብኛል አለች በሆዷ። በንዴት እንባዋ መጣ። እንባዋን ልትጠርግ መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችው።

መስመሯ እዚያ ነበረች። ከብሌዱ ሥር ከፍ ብላ፣ አረንጓዴ ሆና ቦግ ብላ ትበራለች። ዓይኗ ደክሞም አላጣትም።

መነጽሩን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። «አለች» አለች።

አለቃው ደግ ሰው ነው። «ለማንም ያጋጥማል እትዬ። አንዲት ናት፣ ተያዘች፣ አለቀ። ሌሎቹ ትሪዎች ከምሳ በኋላ ወደ መገጣጠሚያ ይሂዱ» ብሎ ወጣ። ድመትም ተከትላው ወጣች፤ ወደ ጓሮ ነው የሄደችው፣ አሮጌ ሣጥኖች ወደተከመሩበት። ፀሐዩ መሐል አናት ላይ ነበር። መነጽሩን አውጥታ በእጇ ይዛ ጠበቀች። ዓይኗ እያየ መስታወቱ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ።

ድመት ክው አለች። ያለፉት ትሪዎች በሙሉ መጡባት፣ ማኅተሟን ያሳረፈችባቸው ሁሉ። ብትናገር ማኅተሙ ይወሰዳል፣ ክፍሉም ወንበሩም ለዚያች ልጅ ይሆናል። ዝም ብትል ብሌዶቹ ሞተር ይገባሉ፤ የሚገጥማቸውም ልጇ ነው። ቀስ ብዬ ራሴ ደግሜ አያቸዋለሁ፣ አለች። ከምሳ በኋላ ይሄዳሉ መባሉን አስታወሰች። አለቃውን ሌላ ምክንያት ሰጥቼ ላስቆየው፣ አለች። ምን ምክንያት? እያወጣች እያወረደች ወደ ክፍሉ ስትመለስ ልጇ ጀርባውን ሰጥቷት በሩ ላይ ቆሟል። እንጨቱን አንኳኳ።

«ዛሬ ምን አገኘሽ?»

ከመጋረጃው ውስጥ ድምፅ ለመውጣት ቆየ። ድመት ጆሮዋን ቀሰረች።

«ምንም» አለች ምራቲቱ። «ዛሬ ሁሉም ንጹሕ ነው።»

ልጅቱ ለአማቷ ብላ ዋሸች። በባሏ ፊት ላታዋርዳት የያዘቻትን ስንጥቅ ዋጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ ይራራ ነበር። ድመት ግን እንደዚያች ደቂቃ ቀንታ አታውቅም። ልጇን ወሰደች፣ ጥያቄዋን ወሰደች፣ ወንበሯንም ልትወስድ ነው፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ልትወስደው? አዝናልኝ፣ ሸፍናልኝ፣ እኔ በሷ ምሕረት ልኖር? ይህንንማ አልሰጣትም፣ አለች ድመት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በጎነት ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቅናት ነው። ግን አደረገችው።

«እኔ አገኘሁ» አለች ከኋላው።

ልጇ ዞረ። መነጽሩን በመዳፏ ዘርግታ አሳየችው፤ ፀሐዩን ገና አልረሳውም፣ ጥቁር ነው።

«ይህንን አድርጌ ነው ስሠራ የሰነበትኩት።»

ልጁ መነጽሩን አየ፣ እናቱን አየ። ሕፃን ሆኖ ሲታመም እንኳ ፊቱ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። «ከመቼ ጀምሮ እማዬ?»

«ሚስትህ መነጽር ካመጣችበት እሑድ ማግስት።»

ወዲያው ትሪዎቹ ወደተጫኑበት ጋሪ ሮጠ። ድመት ሲሮጥ አየችው፤ ከዚያ ወደ አለቃው ቢሮ ሄዳ ማኅተሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ትሪዎቹ ተመለሱ። ተጀምሮ የነበረ አንድ ሞተር ተፈታ። ድመት ምርመራው እስኪጣራ እጥበት ክፍል ተመደበችና ራሷ ያሳለፈቻቸውን ብሌዶች ራሷ ከአሮጌው ቀለም አጠበቻቸው፣ ራሷ ዳግመኛ ነከረቻቸው። ድሮ ድመት ያሏት ሠራተኞች አጠገቧ ቆመው አፋቸውን አልከፈቱም፤ ያ ዝምታ ከሳቅ ይከብዳል። የታጠቡትን በመጋረጃው ሥር እየገፋች ለምራቷ ታስገባለች። ውስጧ ሁለት ሆኖ ነበር። አንድም እንዳይገኝ አጥብቃ ትለምናለች። ደግሞ ያቺ ልጅ አንዲት ብቻ ብታመልጣት ምን አለበት፣ ትላለች። ሁለተኛውን ሐሳብ ወዲያው ታባርረዋለች፤ ወዲያው ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ውስጥ «እማማ» የሚል ድምፅ መጣ። «ቢመጡ ጥሩ ነው።»

ድመት እጇን ጠርጋ ገባችና ዓይኗ እስኪለምድ ተቀመጠች። ከኪሷ ትንሿን ሣጥን አወጣች። ያን ቀን ጠዋት ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር ያወጣቻት ናት፤ ለምን እንዳወጣቻት ለራሷም አልነገረችም። የክዳኑ ድምፅ ቀጭ ሲል ምራቲቱ ዞር አለች።

«እነዚያን ቀኖች» አለች ልጅቱ፣ «መነጽር ማድረግዎን በጨለማው አይቼ ነበር። የኔን ያደረጉልኝ መስሎኝ… ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ብጠይቅዎ ኖሮ።»

ድመት መነጽሩን አደረገችና ብሌዷን ተቀበለች።

መፈለግ አላስፈለጋትም። ስንጥቋ ወገቡ ላይ ተጋድማለች፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለች። ይህችን ብሌድ በእጇ ይዛ ንጹሕ ብላለች። ማኅተሟንም አሳርፋባታለች። ለረጅም ጊዜ ብሌዷን ከእጇ አላወረደችም። መብራቱን አዞረች፣ ገለበጠቻት፣ ከጫፍ እስከ ሥር ሄደችባት፤ ልጅቱ ያላየችው ሁለተኛ ይኖር እንደሆነ እየፈለገች ነው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ልትበልጣት።

«ሌላ አላየሁባትም» አለች ምራቲቱ።

ድመት እንደገና አየች። «የለም» አለች።

ብሌዷን መለሰችላት። «መነጽርሽ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል» አለች ቀጥላ።

«ላስተካክልልዎ?»

«ተይው። ይለመዳል።»

በሩ ተንኳኳ። ልጇ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣና ቆሞ ይመለስ ነበር እንጂ አፉን ከፍቶ አልጠየቀም። አሁንም ቆየ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ምን አገኘሽ?» አለ።

ሁለቱ ሴቶች በጨለማው ተያዩ። ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፤ ቦታውን ለባለቤቱ ትታለች። ድመትም አፏን ከፍታ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፣ ዕድሜ ልኳን የተናገረችው ቃል። ዘጋችው። ይህን ያህል የከበዳት ነገር የለም፣ ማኅተሙን ስታስቀምጥ እንኳ።

«ንገሪው» አለች። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

«አንዲት ስንጥቅ ናት» አለች ልጅቱ ወደ መጋረጃው። «ወገቡ ላይ፣ ቀጭን ናት…»

«እንዲህማ አይነገርም» አለች ድመት፣ ሳታስበው ክርኗን በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች በይው። ካልሆነ አይገባውም።»